ኃላፊውን ምስል በዲስክ ስለ ማኖር

የቴሌቪዥን ምስል በባሕርዩ ኃላፊ ነው፤ የጥምቀት በዓል ከጃን ሜዳ ሲተላለፍ የካህናቱን ሽብሸባ የተመለከተ ሰው፣ ሥርጭቱን ቀርጾ የሚያስቀምጥለት መሣሪያ ከሌለው፣ እስከሚመጣው ዓመት መታገሥ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ የቤት ኮምፒዩተር፣ የቴሌቪዥን ካርድ ከተሰካበት ወዲህ፣ በአንቴና የመጣውን ሞገድ ተቀብሎ፣ በሴኮንድ 25 ምስል እየለየ ወደ አኀዝ የሚለውጥ፣ የተለወጠውንም በኤምፔግ 2 ሥርዐት አጭቆ በሀርድ ዲስኩ የሚያከማች ትጉህ ጸሐፊ መሆኑ እጅግ የሚደነቅ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚመስጠው ግን የተከማቸው በኋላ ወደ ዲቪዲ ሲገለበጥ የሚፈጸመው ምሥጢር ነው፤ ቀይ የሌዘር ብርሃን፣ በሚሽከረከረው ዲስክ ውስጥ ያለውን ስስ ቀለም እየተኰሰ፣ ከመካከል ወደ ዳር በሚጠመዘዝ ረቂቅ መሥመር ላይ ዓይን የማያየውን ምልክት ያሳርፋል፤ ስፋቱ 12 ሳንቲ ሜትር በሆነ በዚህ ዲስክም 4.7 ጊጋባይት፣ ይኸውም በመልካም ጥራት የ2 ሰዓት ያህል ሥርጭት፣ ይጠቃለላል። የቪዲዮ ካሴት ቅጂ ከቅጂ ሲወሰድ እየደበዘዘ ይሄድ ነበር፤ አኀዝ ግን ሲገለበጥ አይደክምም። ዲስኩን ከፀሐይና ከጭረት መጠበቅ፣ በላዩም የበዓሉን ስምና ዓመተ ምሕረቱን መጻፍ ይገባል፤ ባሕር ማዶ ላለ ዘመድ አንዱን ቅጂ መላክም በእኔ ዘንድ ከብዙ ስጦታ የሚበልጥ ነው።