ቤዛና ታራጅ

በደባርቅ ተውኔት ለሚለማመዱ ወጣቶች ድርሰት ሳስተምር ከሁሉ አስቀድሜ የማዝዘው መልመጃ ከጨነቅ ገደል የተወሰደ ነው፤ ጭላዳ ሣር ሲነጭ ከሚውልበት ከዚያ አፋፍ በታች ዐሥር መንገደኞች በአንድ ገመድ ተንጠልጥለዋል፣ ገመዱ ግን ከዘጠኝ ሰው በላይ አይችልም። አንድ ቀን መልመጃው በመድረክ ሲቀርብ፣ ዘጠኙ ስለ ብዙኃን ደኅንነት በረቀቀ ቃል ሲከራከሩ፣ ዐሥረኛውን ሆኖ የሚጫወተውና በጽሑፉ አንዲት ቃል ያልተሰጠው ልጅ ድንገት ቀና ብሎ፣ «እኔንስ የጠየቀኝ አለ?» አለ። ጽሑፉ የእኔ ነበርና ጥያቄውም ለእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማዎችን የምመለከተው በዚህ ልጅ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በታየ የ«ስታር ትሬክ» ክፍል፣ ካፒቴን ከርክ በዘመን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በኒው ዮርክ ድኾችን የምታበላውን ኢዲት ኪለርን ይወድዳታል፤ ነገር ግን እርሷ በሕይወት ከኖረች የሰላም ስብከቷ አሜሪካን ከጦርነቱ አዘግይቶ ናዚዎችን ለድል የሚያበቃ ስለ ሆነ፣ መኪና ሲመጣባት ሊያድናት የተነሣውን ሐኪም በገዛ እጁ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታየው «ቶርችዉድ» ደግሞ፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጃክ የዓለምን ሕፃናት ከባዕዳን ፍጡራን ለመታደግ የልጁን ልጅ ለሞት ያቀርባል፤ ደራሲው ግን የሕፃኑን እናት ከተዘጋው በር ማዶ አቁሞ ስላስጮኻት፣ የብዙኃኑ መዳን የአንዱን ደም ሊሸፍነው አልቻለም። ኢዲትም ሕፃኑም አልተጠየቁም፤ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ታራጅ እንጂ ቤዛ አይባልም።

ቀያፋ ስለ ሕዝቡ አንድ ሰው ቢሞት ይሻላል ብሎ የመከረውን ምክር እናስብ፤ በአንዱ ሞት ዓለም እንደ ዳነ የምታምን ቤተ ክርስቲያን እንኳ ድኅነቱን አምና መካሪውን አላመሰገነችም። ቤዛነት ከፈቃድ ይወለዳልና። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን እንዲያወግዙ በወራሪው የኢጣሊያ ጦር ተጠይቀው እንቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ተደብድበው ሲያርፉ፣ የመረጡት እርሳቸው ነበሩ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተባለው ተውኔቱ የዚያችን ሰዓት ጭንቅ በራሳቸው አንደበት አናገራት።

እንግዲህ ይህን ሙያ የምትጀምሩ ወጣቶች ሆይ፣ የሚድኑትን ከመቁጠራችሁ አስቀድማችሁ ለሚሞተው ቃል ስጡት፤ በሌላው ነፍስ የፈረደውንም ሰው ሒሳቡ ትክክል ነው ብላችሁ ከጸጸት ነፃ አታውጡት። እኔም መልመጃዬን እንደ ገና ጽፌዋለሁ፤ አሁን በመጀመሪያ የሚናገረው ዐሥረኛው ሰው ነው።