ስሜ የለም የሚል ሰው ሲመጣ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የአይሲቲ ባለሙያ ሆኖ መሥራት ግማሹ ከሙቀትና ከአቧራ ጋር መታገል ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ የኮምፒዩተሩ ማራገቢያ ማጓራት ይጀምራል። ሽፋኑን ፈትቼ በቀለም ብሩሽ ስጠርገው የሚረግፈው የመረሬ አፈር ነው። ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ኤሌክትሪክ የሚያሻግረው ትልቁ መስመር በሸኸዲ በኩል ያልፋል፤ እኛ ግን መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ሲጮህ ፋይል ለማስቀመጥ እንሯሯጣለን። (ሸኸዲ ያልኩት ገንዳ ውሃን ነው፤ የዞናችንን ዋና ከተማ ሰው ዛሬም በሁለቱም ስሞች ይጠራታል።)

የቀረው ግማሽ የስም ዝርዝር ነው። ከንቲባው በስብሰባ የሚናገረው፣ ምክር ቤቱ እጅ አውጥቶ የሚያጸድቀው ሁሉ ሰው ቤት የሚደርሰው በዝርዝር ነው፦ ቦታ የሚመሩ፣ ግብር የተገመተባቸው፣ እርዳታ የሚወስዱ፣ የገበያ መደብ የደረሳቸው። ዝርዝሩን አትሞ የሚያወጣው ደግሞ እንደኔ ያለ ሰው ነው። የከተማ ፖለቲካ እወዳለሁ፤ ጓደኞቼ ስለ አርሴናል ሲከራከሩ እኔ የዓመቱን የበጀት ረቂቅ እያገላበጥኩ የውሃ መስመር ለየትኛው ሰፈር እንደተያዘ እፈልጋለሁ። ይሄ ፍላጎቴ ከሙያዬ ጋር አይገናኝም የሚሉኝ አሉ። እኔ የሚመስለኝ በተቃራኒው ነው።

የአካባቢ ምርጫ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. መሆን የነበረበት ተራዘመ፤ በ2013 ዓ.ም. ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ ለከተማ ምክር ቤት ድምፅ የሰጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ሰዎች ብቻ ናቸው። እንደኛ ባለ ከተማ ሰው መንግሥቱን የሚያገኘው በመስኮት በኩል ሆኖ ቆየ።

በአንድ የቤት መሥሪያ ቦታ ምዝገባ ሰሞን ወደዚያ መስኮት አንዲት እናት መጡ። በመናኸሪያው በር ሻይ ያፈላሉ፤ ይበቃል ካልተባሉ ስኳር መጨመር አያቆሙም። የቀበሌ መታወቂያቸውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አሳለፉልኝ።

«ልጄ፣ ስምሽ የለም አሉኝ።»

«የት ሰፈር ነው የሚኖሩት እናቴ?»

«ያው እዚያው፣ ከመስጊዱ ጀርባ። አንተ እዚህ ሳትመጣ ጀምሮ።»

በስማቸው ፈለግሁ፤ የለም። በቤት ቁጥር ስፈልግ ወጡ፦ ጥሏቸው ሱዳን ከገባ በቆየ ባላቸው ስም ሥር፣ «የትዳር ጓደኛ» በሚል ረድፍ። የቤተሰብ ቅጹ የሚከፈተው በአባወራ ስም ነው። ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ወረቀቱን እንዳለ ገልብጦታል፤ ለምዝገባ የሚበቁትን ለይቶ የሚያወጣው ትእዛዝ ደግሞ የአባወራውን ረድፍ ብቻ ያነባል። እኚህ ሴት ይከልከሉ ብሎ የወሰነ አንድም ሰው የለም። ስብሰባ አልተደረገበትም፣ ቃለ ጉባኤ አልተያዘበትም። ባሏ ጥሏት የሄደችን ሴት ሁሉ የሚያስቀር ውሳኔ ግን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ተቀምጦ በየምዝገባው ይፈጸም ነበር።

ለእሳቸው በዚያ ዙር በደብዳቤ ተስተካከለ። መዝገቡን ማስተካከል ግን ረዘም ያለ ሥራ ነበር። ሰውን በቤት ሥር ማስቀመጥ ቀርቶ ሰው ለብቻው፣ ቤት ለብቻው እንዲመዘገብ ሆነ፤ በመካከላቸው ደግሞ «ማን፣ የት ቤት፣ ከመቼ እስከ መቼ ኖረ» የሚል ሦስተኛ ሠንጠረዥ ገባ። ዳታቤዝ የተማረ ሁሉ ይሄን የሚያውቀው ከመጀመሪያው ኮርስ ነው። እዚህ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ተከራይ፣ ፈት፣ ከዘመድ ተጠግቶ የሚኖር ወጣት ሁሉ በራሱ ስም የሚቆጠር ነዋሪ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የነዋሪው ጥያቄ ለምን እንደበዛ ያልገባቸው ኃላፊ «የኮምፒዩተር ጉዳይ ነው ብለኸን አልነበር?» አሉኝ።

ስም መፈለግ ራሱ ሙያ ነው። ፀሐይነሽን በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ ወይም በብዙኃኑ ኀ መጻፍ ይቻላል፤ ለሰው አንድ ስም ናቸው፣ ለኮምፒዩተር የተለያዩ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የየራሱ ቁጥር ስላለው ማሽኑ ሐን ከሀ ጋር አያምታታም፤ ችግሩም ያ ነው። የከፋው ደግሞ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈው ሰነድ ነው፤ ያለ ፎንቱ ሲከፈት ምልክት ብቻ ይታያል። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፦ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል፤ ከጎኑ ማንም የማያየው ሁለተኛ ዓምድ አለ፣ እዚያ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይታጠፋሉ። ፍለጋው የሚሄደው በዚያኛው ላይ ነው። መሐመድ ግን በዚህም አይያዝም። መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ እያለ አናባቢው ስለሚለዋወጥ ለእሱ አናባቢውን ሁሉ አውልቆ በግእዙ ፊደል ብቻ የሚፈልግ ሌላ መንገድ ያስፈልጋል። ጠረፍ ላይ ከዐረብኛ የመጣ ስም ብዙ ነው። ይሄን ያላሰበ ፕሮግራም ሙስሊሙን ነዋሪ ከክርስቲያኑ አብልጦ «የለህም» ይለዋል።

የሰዓት ችግርም አለ። በጠረፏ ከተማ በመተማ ዮሐንስ ስልክህ ከድልድዩ ማዶ የሱዳኗን የጋላባትን አንቴና ከያዘ ሰዓቱ ወደኋላ ይመለስብሃል፤ ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ወዲህ ከእኛ በአንድ ሰዓት ዘግይታ ነው የምትቆጥረው። ማመልከቻ በተቀበልንበት ሰዓት ተራ በሚያዝበት ቀን አንድ ሰዓት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በማመልከቻ የስልክ ፎቶ ላይ ያለውን ሰዓት አላምንም፤ ተራ ቁጥር በወረቀት ይሰጣል።

ከሁሉ የሚያደክመኝ «መሞላት ያለበት» የሚባለው ሳጥን ነው። ነዋሪ ሆኖ ለመመዝገብ ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ ቅጹም የመሸኛ ቁጥር ካልገባበት ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ ኬላ የገባው ሰው ሱዳናዊ ብቻ አልነበረም። ካርቱምና ገዳሪፍ ብዙ ዘመን የኖሩ ኢትዮጵያውያንም ተመልሰዋል። መሸኛ ከየት ያመጣሉ? ከካርቱም ቀበሌ? መዝጋቢዋ ሰው አሰልፋ መጠበቅ ስለማትችል 0000 ብላ ታልፋለች። እሷን አልወቅስም። ከወራት በኋላ ግን አንዱ መርማሪ መጥቶ «0000 ያላቸው ሁሉ ሐሰተኛ ናቸው» ብሎ ይሰርዛል። በእኔ ቅጾች ላይ አሁን «የለውም፤ ምክንያቱ» የሚል ምርጫ አለ፣ ምክንያቱም በሰው ቋንቋ ይጻፋል፦ «ከሱዳን ተመላሽ፣ ሦስት ጎረቤቶች ያውቁታል»።

የእርሻ ሠራተኞቹ ደግሞ ጭራሽ ሳጥን የላቸውም። ሰሊጥ ሲታረምና ሲታጨድ ከደጋው እየጎረፉ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞችና ሳሉግ የምንላቸው፣ እዚሁ ከርመው የሚሠሩት፣ ከተማውን ያጥለቀልቁታል፤ በረንዳው፣ የመጋዘኑ ጥግ፣ የሻይ ቤቱ ወለል ሁሉ መኝታ ይሆናል። ወባውም ካላዛሩም በብዛት የሚይዘው እነሱን ነው። ውሃና መፀዳጃ የሚታቀደው ግን በነዋሪ ቁጥር ነው፤ የነዋሪው ቁጥር ደግሞ ከ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ተነስቶ በየዓመቱ በስሌት የሚጨመርበት ነው። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ሊደረግ ነበር፤ ቀረ። እኔ ያለኝ መላ ትንሽ ነው፦ በመስከረምና በጥቅምት በየማታው ሜዳ ላይ የሚያድረውን ሰው በግምት ቆጥሮ፣ «ግምት ነው» ብሎ ጽፎ፣ ከነዋሪው ቁጥር ጎን ማስቀመጥ። የበጀት ሰዎች ግምት አይወዱም። ከ1999 ዓ.ም. የተሰላውስ ምንድን ነው?

ስለ ግምት ካነሳሁ ግብርን ማለፍ አልችልም። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የቀን ገቢ ግምት ይፋ ሲሆን በብዙ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ተቃወመ። እንደ ባለሙያ ሳየው የዚያ ቁጣ ትልቁ ክፍል ከጎደሉ ዓምዶች የመጣ ነው። ለሰውየው የደረሰው ስምና ቁጥር ነው፤ ማን ገመተ፣ በየትኛው ቀን አይቶ ገመተ፣ ምን ቆጥሮ፣ አይታወቅም። በጠረፍ ከተማ ይሄ ሁለት እጥፍ ይከፋል። ኬላው ክፍት የሆነ ቀን የሚሸጥ ባለ ሱቅ ኬላው ሲዘጋ ዝንብ ያባርራል፤ በገበያ ቀን የገባ ገማች ያየው ገቢ ዓመቱን ሙሉ ይከተለዋል። ከዚያ ወዲህ እጄ ላይ የወደቀ የግምት ሠንጠረዥ ሁሉ ሦስት ዓምድ ተጨምሮበታል፦ የታየበት ቀን፣ የገማቾቹ ፊርማ፣ ምክንያት። «ምክንያት» የሚለው ላይ መጀመሪያ ሁሉም «በዓይን ታይቶ» ብለው ሞሉት። አልከለከልኳቸውም፤ እንዳለ ታተመ። አንድ ሻጭ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «በየትኛው ዓይን?» ብሎ ሲጮህ ኮሚቴው ለቀጣዩ ዙር የመደርደሪያ እቃ መቁጠር ጀመረ።

ከውጭ የመጡ ጥሩ ሐሳቦችን አልንቅም። እንግሊዞች በ1999 ዓ.ም. ያወጡት ፊክስ ማይ ስትሪት የሚባል ድረ ገጽ ነዋሪው የተበላሸውን መንገድ ካርታ ላይ ነክቶ ለከተማው እንዲያመለክት ያደርጋል። ወድጄው ልሞክረው አስቤ ነበር። እኛ ጋ መንገዱ ስም የለውም፤ አድራሻ ማለት «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ» ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ፋይል በፍላሽ፣ ፍላሹ በሚኒባስ ረዳት ኪስ ወደ ጎንደር የሚሄድበት ዘመን ተመለሰ፣ ከነቫይረሱ። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚሞት አሠራር ለዚህ አገር አይሆንም ብዬ የቆረጥኩት ያኔ ነው። የእኔ መተግበሪያ በቀበሌው ግድግዳ ላይ በፕላስተር የሚለጠፍ ወረቀት ነው፦ በትልቅ ፊደል፣ ከነምክንያቱ፣ ከጎኑ ባዶ መስመር ያለው። ሰው በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። «ይሄ ሰው ሞቷል።» «ይቺ የከንቲባ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ እህት ናት።» ስድቡን እዘለዋለሁ፤ የቀረውን ማታ ማታ አስገባለሁ።

መለጠፍ የማልደፍረውም አለ። በ2011 ዓ.ም. በዚህ ዞን ሰው በማንነቱ እየተለየ ቤቱ ሲቃጠልና ሲፈናቀል ያየ ባለሙያ «ብሔር» የሚለውን ዓምድ እንደ ሌላው ሳጥን ሊያየው አይችልም። ዛሬ እኔ የያዝኩትን ዝርዝር ነገ ማን እንደሚከፍተው ዋስትና የለኝም። ለዚህ የተሻለው መከላከያ የይለፍ ቃል ሳይሆን አለመጠየቅ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም፤ ይሄን ለአለቆቼ ደጋግሜ አሳያቸዋለሁ። አንዱ ቅጽ ላይ ዓምዱ ወጥቷል። ሌላው ላይ «ከበላይ የመጣ ነው» ተብሎ አለ፣ ባዶውን እንዲቆይ እየተደረገ።

አሁን የምንጨቃጨቀው በመለጠፍና ባለመለጠፍ መካከል ነው። ስም ካልተለጠፈ ዘመድ ለዘመድ ቦታ ይመራል። ከተለጠፈ ደግሞ ከባሏ ሸሽታ የመጣች ሴት የት እንዳለች ግድግዳው ይናገርባታል። እኔ ያቀረብኩት፣ የጠየቀ ሰው በመዝገብ ቁጥሩ ብቻ ይለጠፍ፣ ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያመሳክሩ ሦስት የምክር ቤት አባላት ይመረጡ የሚል ነው። አንድ የምክር ቤት አባል ተነስተው «ሦስቱንስ ማን ይመርጣቸዋል?» አሉ፤ አዳራሹ ሳቀ፣ ሰብሳቢውም አጀንዳውን ለሚቀጥለው ጉባኤ አሳደሩት። እስከዚያው ቁጥሩንም ስሙንም ሊያትም የሚችል ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ።