የአውግስጢኖስ «ኑዛዜ»፤ መጽሐፍን ድንገት ስለ መግለጥና ዘወትር ስለ ማንበብ

የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» የተባለውን መጽሐፉን ከ397 ዓ.ም. እስከ 400 ዓ.ም. ገደማ ባለው ጊዜ በላቲን ቋንቋ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) መጽሐፉ በ13 ክፍል የተከፈለ ሲሆን አብልጦ የታወቀው ስምንተኛው ክፍል ነው፤ ከስምንተኛውም ክፍል በመጨረሻው ላይ ያለው የአትክልት ቦታው ታሪክ ነው። እግዚአብሔር ሰውን በቅዱስ መጽሐፍ እንዴት እንደሚመራ ለማስረዳት ይህ ታሪክ በስብከትም በጽሑፍም ይጠቀሳል። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ታሪክና አውግስጢኖስ የጻፈው ታሪክ አንድ እንዳልሆነ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አንሥቶ ያነበበ ሰው ያስተውላል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ አንድ ክርስቲያን የሕይወቱን መንገድ የሚቈርጥበትን ሥርዓት የሚነካ ነውና።

ታሪኩ በአጭር ቃል እንዲህ ነው። በ386 ዓ.ም. አውግስጢኖስ በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ። ልቡ በክርስትና እውነት ቢረታም የሥጋን ፈቃድ መተው አቅቶት ይጨነቅ ነበር። አንድ ቀን በሚኖርበት ቤት አትክልት ቦታ ከበለስ ዛፍ ሥር ወድቆ ሲያለቅስ፣ አንድ የልጅ ድምፅ መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ ደጋግሞ ሲናገር ከጎረቤት ሰማ። ተነሥቶም የሐዋርያውን የጳውሎስን መጽሐፍ ገለጠ፤ ዐይኑም ወደ ሮሜ ሰዎች ከተላከው መልእክት በ13ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ዐረፈ። ያ ክፍል ስካርንና ዝሙትን አስወግዶ ክርስቶስን ስለ መልበስ የሚናገር ነው። ወዲያው ጥርጥሩ ሁሉ ተወገደለት፤ በሚከተለውም ዓመት በ387 ዓ.ም. በፋሲካ በዓል ከሚላኖው ኤጲስ ቆጶስ ከአምብሮስዮስ ጥምቀትን ተቀበለ።

ከዚህ የተነሣ አያሌ ሰዎች ታሪኩን እንደ ሕግ አድርገው ይዘውታል። ጋብቻ ያሰበ፣ ሙግት የገጠመው፣ ሥራ ለመለወጥ የሚያመነታ ሰው ከወር እስከ ወር ያልነካውን መጽሐፍ ቅዱስ ያነሣል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ይገልጣል፤ ጣቱ ያረፈበትንም ቃል እንደ መልስ ይቀበላል። ቃሉ ደስ ያሰኘው እንደ ሆነ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይላል፤ ያሳዘነው እንደ ሆነ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይገልጣል። በዚህም ፈራጁ የእግዚአብሔር ቃል መሆኑ ቀርቶ የገላጩ ምኞት ይሆናል። በኢትዮጵያ ኮከብ የሚቈጠርበት አውደ ነገሥት የሚባል መጽሐፍ እንዳለ የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ይነቅፉታል። ወንጌልን እንደ አውደ ነገሥት የሚገልጥ ሰው ታዲያ መጽሐፉን ለወጠ እንጂ ልማዱን አልለወጠም።

አውግስጢኖስ የጻፈው ግን ሌላ ነው። በ19 ዓመት ዕድሜው የቅዱሳት መጻሕፍትን ንባብ ሞክሮ፣ ቃላቸው ከሮማውያን ሊቃውንት ቃል ጋር ሲነጻጸር ተራ መስሎት እንደ ናቃቸው በሦስተኛው ክፍል ይናዘዛል። በ384 ዓ.ም. ወደ ሚላኖ ከመጣ በኋላ አምብሮስዮስን መጀመሪያ ስለ አነጋገሩ ውበት፣ ኋላም ስለ ነገሩ ቁም ነገር እየተመላለሰ ሰማው። በሰባተኛው ክፍል መጨረሻ የጳውሎስን መልእክታት በብርቱ ናፍቆት ማንበብ እንደ ጀመረ፣ ቀድሞ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስሉት የነበሩት ቃላትም አንድ መልክ እንደ ሆኑለት ይናገራል። በስምንተኛውም ክፍል፣ ከልቅሶው አስቀድሞ በዚያው ቀን፣ ጶንቲክያኖስ የተባለ ያገሩ ሰው ሊጠይቀው መጥቶ በገበታው ላይ አንድ መጽሐፍ አየ። የመምህርነቱ መጽሐፍ ነው ብሎ ቢያነሣው የጳውሎስ ሆኖ ተገኘ፤ አውግስጢኖስም በነዚያ መጻሕፍት ብዙ እንደሚደክም ነገረው።

ስለዚህ በአትክልቱ ቦታ የተገለጠው መጽሐፍ ለእጁ ባዕድ አልነበረም፤ ሲያነበው የሰነበተው ነበር እንጂ። የተገለጠለትም ቃል አዲስ ወሬ አልነገረውም፤ አስቀድሞ የሚያውቀውን እንዲያደርግ አዘዘው። ድምፁ ድንገተኛ ሆነ፤ ሰሚው ግን ለመስማት ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ነበር።

ጶንቲክያኖስ በዚያ ቀን የተረከለት የአባ እንጦንስም ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። እንጦንስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ንብረትን ሽጦ ለድኆች ስለ መስጠት የሚናገረው ወንጌል ሲነበብ በሰማ ጊዜ ለእርሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ተቀበለው። አትናቴዎስ በጻፈው ገድል ግን እንጦንስ በመንገድ ሳለ ሐዋርያት ሁሉን ትተው ጌታን እንዴት እንደ ተከተሉ ያሰላስል ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያንም የሄደው እንደ ልማዱ ነው። በኋላም የሚነበበውን እጅግ ያስተውል ስለ ነበር ልቡናው በመጽሐፍ ፈንታ ሆነለት ይላል። ያን ዕለት የሰማው ወንጌልም እርሱ የመረጠው ሳይሆን በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ያገኘው ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙዎች የሚያልፉት፣ የአሊጲዮስ ነገር ነው። ይህ ወዳጁ በዚያው ቦታ አብሮት ነበረ። አውግስጢኖስ የሆነለትን በነገረው ጊዜ አሊጲዮስ ለራሱ ዕድል ብሎ ሌላ ገጽ አልገለጠም። የተነበበውን ቦታ እንዲያሳየው ለመነ፤ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን አነበበ። ተከታዩም በእምነት የደከመውን ስለ መቀበል የሚናገረው የ14ኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ነበር፤ እርሱም ስለ እኔ ተነገረ ብሎ ተቀበለው። እንግዲህ በአንድ ሰዓት ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ ሁለተኛው የተጠራው በተከታታይ ንባብ ነው።

ይሁን እንጂ ስሕተቱ ሁሉ የአንባቢው ነው ማለት አይገባም፤ መጽሐፉም ነቀፋ አያጣም። አውግስጢኖስ የንግግር ጥበብ ያስተማረ ሰው ነውና ታሪክን ወደ ከፍታው ማድረስን ያውቃል። የልቅሶውን ሰዓት በብዙ ቃል ሲያሰፋ፣ ከዚያ በፊት ጳውሎስን ያነበበበትን ረጅም ድካም በጥቂት ቃል ያልፈዋል። ስለዚህ አንባቢው እንባውንና የልጁን ድምፅ ያስታውሳል፤ በገበታ ላይ የነበረውን መጽሐፍ ይረሳል። ዘሩ ሳይወሳ መከሩ ብቻ ቢነገር ያልዘራ ሰው ማጭድ ይዞ ይወጣል።

ደራሲው ራሱ ግን ያን ልማድ እንዳልወደደ ከሌላ ጽሑፉ ይታወቃል። በ400 ዓ.ም. ገደማ ወደ ያኑዋርዮስ በላከው ደብዳቤ ከወንጌል ገጽ ዕጣ የሚያወጡትን ሰዎች ያነሣል። ወደ አጋንንት ከመሄድ ቢሻልም ስለ ወዲያኛው ሕይወት የሚናገረውን መለኮታዊ ቃል ወደዚህ ዓለም ጉዳይ ማዞር ደስ እንደማያሰኘው ገልጧል። በ«ኑዛዜ»ም በዘጠነኛው ክፍል፣ ለጥምቀት ሲዘጋጅ ምን እንዲያነብ አምብሮስዮስን እንደ ጠየቀ፣ እርሱም ትንቢተ ኢሳይያስን እንዳዘዘለት ይተርካል። የመጀመሪያውን ክፍል ሳያስተውለው ስለ ቀረ ግን በጌታ ቃል እስኪለማመድ ድረስ ለሌላ ጊዜ አቈየው። በአትክልቱ ቦታ ድምፅ የሰማ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነቢዩ ከበደው፤ መምህር መጠየቅና መታገሥም አስፈለገው።

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ያ ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ሆኖ ይህንኑ ኢሳይያስን ሲያነብ አላስተዋለውም፤ ፊልጶስም የደረሰለት በሚያነብበት ሰዓት ነው። የመዝሙረ ዳዊት ሥርዓትም በሳምንት ተከፍሏል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይነበባል። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ አንባቢው እንደ ፈቃዱ እንዳይመርጥ ማድረጉ ነው። የንስሓው መዝሙር 50ኛው በማክሰኞ ክፍል ይገኛል፤ ማክሰኞም ሰውየው ኃጢአቱን ቢያስብ ባያስብ ትመጣለች። ስለ አንድ ጉዳይ ብሎ የሚገልጥ ሰው የጠየቀውን ብቻ ይፈልጋል፤ በተራ የሚያነብ ግን ያልጠየቀውንም ይሰማል። እግዚአብሔርም ሰውን የሚመራው ብዙ ጊዜ ሰውየው ባልጠየቀው ነገር ነው።

እርግጥ ዘወትር ማንበብም የራሱ ፈተና አለበት። ከንፈሩ ሲደግም ልቡ ገበያ የሚውል ዳዊት ደጋሚ አይታጣም፤ ግዕዙን እያነበነበ ትርጓሜውን ያልጠየቀም አለ። ስለዚህ አባቶች ንባብን ከትርጓሜ አልለዩም። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ዓ.ም. በአማርኛ ከታተመ ወዲህ ያነበበውን ለማስተዋል ለከተማው ሰው ምክንያት የሚሆነው ጥቂት ነው። ልማድ ያለ ማስተዋል ድካም ነው፤ ያለ ልማድም ማስተዋል አይገኝም።

እንግዲህ «ኑዛዜ» ታላቅ መጽሐፍ ነው፤ ሊነበብም ይገባዋል፤ ነገር ግን ከስምንተኛው ክፍል ጀምሮ አይደለም። ከመጀመሪያው ክፍል ተነሥቶ በተራ የሚያነበው ሰው የእግዚአብሔር ምሪት በአንድ ገጽ ላይ የወደቀ ዕጣ እንዳልነበረ ያያል፤ ቃሉ በብዙ ዓመት ጆሮውን የከፈተለት አንድ ሰው በሰዓቱ የሰማው ጥሪ ነበር። ካህኑም ለምክር የሚመጣውን ሰው ዛሬ የትኛው ጥቅስ ወጣልህ ብሎ ከሚጠይቀው ይልቅ ትናንት የት ድረስ አነበብህ ብሎ ቢጠይቀው ይበልጥ ይጠቅመዋል።