ቊልምጫ በቤታችንና በድርሰታችን

በቅርብ ዓመታት ከታተሙት ልብ ወለዶችና በመድረክ ከታዩት ተውኔቶች ብዙዎቹን ስንመለከት አንድ ነገር አሳስቦናል። ይኸውም በድርሰቱ ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት፣ ገበሬም ይሁኑ ነጋዴ፣ ሽማግሌም ይሁኑ ጐልማሳ፣ እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት «ፍቅሬ» እና «ውዴ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ መሆኑ ነው። ቃላቱ መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ሲቆላመጥ፣ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አንባቢው ምንም ምልክት አያገኝም።

በቤታችን ያለው ልማድ ግን እንዲህ ጠባብ አይደለም። እናት ወንድ ልጅዋን «አባቴ»፣ ሴት ልጅዋን «እናቴ» ብላ ትጠራለች። ልጅዋን በወላጅዋ ወንበር ማስቀመጥዋ፣ ያለፉትን ማስታወስዋም፣ በእርጅናዋ ጊዜ የሚጦራትን ተስፋ ማድረግዋም ነው። ትንሹን ወንድ ልጅ «አንቺ» ብላ በሴት አንቀጽ ስትጠራውም ለጆሮዋ ስሕተት አይመስላትም፤ አንቀጹ የሚያሳየው ልጁ ገና በእቅፍዋ ያለ መሆኑን ነውና። ታናሽ ታላቁን «ጋሼ» ወይም «ወንድም ጋሼ» ይላል፤ ታላቂቱን «እትዬ» ወይም «እታለም» ይላታል። በብዙ ገጠር ሙሽራ ወደ ባልዋ ቤት ስትገባ አማትዋ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ባልና ሚስትም ከወለዱ በኋላ ስም ከመጥራት ይልቅ «የእገሌ እናት»፣ «የእገሌ አባት» መባባልን ይመርጣሉ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ቊልምጫ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው በቤቱ ውስጥ የቆመበትን ስፍራ የሚያመለክት ነው።

ይህን የተረዳ ደራሲ ብዙ ሐተታ ሳይጨምር ብዙ ነገር ሊነግረን ይችላል። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ እናት ስም ውድነሽ ነው። ስሙ እንደ ዓለምነሽና እንደ ወርቅነሽ ሁሉ ፊት ለፊት ለተቀመጠች ሴት የሚነገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የሚጠራት ሁሉ፣ ወዳጅም ባይሆን፣ ውድ መሆንዋን ሳይመሰክር አያልፍም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ካሣ ዳምጤ የመሳፍንቱን ሥርዓትና ያገሩን ልማድ ስለሚነቅፍ ሰው «ጉዱ ካሣ» ይለዋል። ወላጅ ካወጣለት ስም ላይ ኅብረተሰቡ የለጠፈው አንድ ቃል፣ ሰውዬው ከወገኖቹ መካከል ብቻውን መቆሙን ይነግረናል። አንዱ ስም የማቅረብ፣ ሁለተኛው የማራቅ ኀይል አላቸው።

ይህን ስንል ግን የጥንቱ ልማድ ሁሉ ይወደስ ማለታችን አይደለም። ሚስት ባልዋን «ጌታዬ» እና «አንቱ» ስትል፣ ባል «አንቺ» ብሎ የሚመልስበት ቤት ብዙ ነበር። ፍቅሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሚዛኑ ግን ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ሴት ልጅን በፍቅር የምንጠራበት «ማሚቴ» የሚለው ቃል፣ በከተማ ብዙ ሰው የቤት ሠራተኛን ሁሉ የሚጠራበት ሆኗል። እናትዋ ያወጣችላት ስም ያላት ልጅ፣ ከሰው ቤት ስትገባ በቊልምጫ ቃል ስምዋን ታጣለች። ለልጃችን ስንለው ያቀረበው ቃል ለሠራተኛይቱ ስንለው ያርቃል። ይህን ልዩነት በአንድ የእራት ጊዜ ንግግር ውስጥ የሚያሳየን ደራሲ ስለ ቤታችን ፍትሕ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይነግረናል።

የዛሬዎቹ የከተማ ወጣቶች «ሃኒ» እና «ቤቢ» መባባላቸውን የሚነቅፉ አሉ። እኛ በዚህ ብዙ አንቈጣም፤ ቋንቋ ከጎረቤት መበደሩ አዲስ ነገር አይደለምና። ወጣቶቹ እንዲህ የሚናገሩ ከሆነ ደራሲውም እንዲሁ ይጻፈው። የምንነቅፈው ግን ደራሲው ጆሮውን ሳያዘነብል ሲቀርና የደብረ ማርቆሱን ሽማግሌ፣ የመርካቶዋን ነጋዴና የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ በአንድ አፍ ሲያናግር ነው።

ስለዚህ ደራስያን አንድን ባልና ሚስት ከማናገራቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ማን ማንን ይጠራል? ተጠሪው በምን ቃል ይመልሳል? ሲጣሉስ ቃሉ ወደ ምን ይለወጣል? ሚስትዮዋ ስትቈጣ «የእገሌ አባት» ማለትን ትታ ባልዋን በስሙ ብትጠራው፣ አንባቢው ጠቡን ያለ ሌላ ገለጻ ያውቀዋል። መምህራንም ተማሪዎቻቸው በየቤታቸው የሚሰሙትን ቊልምጫ ጽፈው እንዲያመጡና በክፍል ውስጥ እንዲመረምሩት ቢያደርጉ፣ ለሰዋስውም ለሥነ ጽሑፍም ጥሩ ትምህርት ይሆናል። የቤት ሠራተኛ ካለችም የስምዋን ነገር አብረው ይጠይቁ።