ከሾኩ በፊት ፍሬኑን

በኤሌክትሪክ የሚታገዝ የተራራ ብስክሌት ለመግዛት የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከኋላው ሾክ ነው። ስልኩን አውጥቶ ሁለት ፎቶ ያሳየኛል። አንደኛው ፊቱ ላይ ብቻ ሾክ ያለው፣ ሌላው ከኋላም ጭምር ያለው ነው። ባለ ሁለት ሾኩ ሁልጊዜ ያምራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ውድ ከሆነ ደግሞ ይሻላል ብሎ ማሰብ የሰው ልማድ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው «የምትወርደው ከየት ነው?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። እነሱ የመጡት ስለ መውጣት ሊያወሩ ነዋ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ነገር በየቡና ቤቱ ይወራል። ብስክሌቱም ከወሬው አልቀረም። እዚህ ወልድያ ገና ጥቂት ነው፤ የሚመጣውም በዘመድ እጅ ወይም ከአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ሰው ሳያየው፣ ሳይቀመጥበት በፎቶ ነው የሚመርጠው።

ወልድያ ላይ ለኖረ ሰው ብስክሌት ሲነሳ ዳገት ቢታየው አይፈረድበትም። ከተማችን 2100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ መርሳ ደግሞ 1600 ገደማ ላይ። መንገዱ ሲሪንቃን አቋርጦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሌላ በኩል ከከተማችን ጎንደር በር ተነስቶ ቻይናውያን የሠሩትን የወረታ መንገድ የያዘ ሰው፣ ከከተማ ብዙም ሳይርቅ ወደ ድልብ ሽቅብ ይጠማዘዛል። ዳገቱን ግን ሞተሩ ይችለዋል።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 75 ኪሎ ሰው 25 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ 100 ኪሎ ይሆናል። ይህን ክብደት 1000 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት 272 ዋት-ሰዓት ኃይል ይጠይቃል። ነጂው ሲሶውን በእግሩ ከቻለ፣ ሞተሩም ከባትሪው ከሚወስደው ሦስት አራተኛውን ጎማው ላይ ካደረሰ፣ ከባትሪው የሚወጣው 240 ያህል ነው። የመንገዱና የነፋሱ ትግል ይጨመርበታል። ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን የከፍታ ልዩነት ብቻ ካየን የዚህ ግማሽ ነው፤ 500 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በደንብ ይወጣዋል። የኋላ ሾክ ያለው ብስክሌት ከሌለው ቢበዛ 2 ወይም 3 ኪሎ ቢከብድ ነው። ከ100 ኪሎ ላይ 3 ኪሎ ባትሪው ብዙም አይሰማውም። በእግር ብቻ ይነዳ በነበረበት ጊዜ ይህች 3 ኪሎ ትልቅ ክርክር ነበረች። ሌላም ክርክር ነበር፦ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር የኋላው ሾክ ጎንበስ ቀና እያለ ጉልበት ይበላል የሚል። ሞተሩ ይህንንም ሸፍኖታል። የፊት ሾክ ብቻ ያለውን የምንመርጥ ሰዎች ስንደገፍባቸው የኖርናቸው ሁለት ምክንያቶች በኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ብዙም አይሠሩም፤ አሁንም እነሱን የሚደግም መካኒክ ካለ ከጊዜው ወደ ኋላ ቀርቷል።

እንዲያውም ዳገት ላይ ባለ ሁለት ሾኩ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። ከአስፋልት ወጥተው በጉባ ላፍቶ ገጠሮች ልቅ ድንጋይ በበዛበት የእግር መንገድ ቁጭ ብለው ሲወጡ፣ የኋላ ሾክ የሌለው ብስክሌት ጎማ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል። ጎማው አየር ላይ በሆነባት ቅጽበት ሞተሩ መግፋቱን አያቆምም፤ ጎማው ባዶውን ይሽከረከርና ብስክሌቱ ይቆማል፣ ነጂውም እግሩን መሬት ያወርዳል። ባለ ሁለት ሾኩ ግን ጎማውን ወደ ጉድጓዱ እየገፋ ከመሬት አያላቅቀውም። ሞተሩ በጠነከረ ቁጥር ይህ ልዩነት ይጎላል። ሰዎች ሾክን ለወገብ ምቾት ነው የሚያስቡት፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራው ጎማን ከመሬት ጋር ማቆየት ይመስለኛል።

ከተማ ውስጥ ጉዳዩ ሌላ ነው። የወልድያን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን የሚያውቅ ሰው ክንዱ ድረስ የሚነዝረውን ያውቀዋል። ለዚህ ንዝረት ሾክ ብዙም አይፈይድም። ሾክ ውስጥ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዝ ጎሚኒ አለ፤ ያ ጎሚኒ ዘንጉን አጥብቆ ስለያዘው ሾኩ ለመንቀሳቀስ ከበድ ያለ ምት ይፈልጋል። ትንንሹንና ፈጣኑን ንዝረት የሚበላው ጎማው ነው። ወፍራም፣ 2.4 ወይም 2.6 ኢንች ጎማ ተገጥሞለት ነፋሱ ቀነስ ሲደረግ ከርካሽ ሾክ የተሻለ ይሠራል። ችግሩ የኛ ሰው ጎማ ድንጋይ ሆኖ ካልተነፋ የተነፋ አይመስለውም። ጎሚስታውም እንደዚያው ነው። ብስክሌቱን ሰጥተኸው ዘወር ስትል እንደ አይሱዙ ጎማ ወጥሮልህ ይቆያል።

ስለ ርካሽ ሾክ ካነሳሁ አይቀር፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጡት ርካሽ «ማውንቴኖች» ከኋላ ወፍራም ሞላ ተደርጎላቸው ስታያቸው የሚያስጎመጁ ናቸው። ሞላ ብቻውን ግን ሾክ አይደለም። ሾክ ምቱን የሚቀበል ሞላ ወይም አየር፣ መልሶ የሚወረወረውን ደግሞ የሚያዘገይ ዘይት ያስፈልገዋል። ዘይት የሌለው ሞላ የዋጠውን ወዲያው መልሶ ይተፋዋል፤ ቁልቁለት ላይ ጉድጓድ ሲገባ ነጂውን ከኮርቻው ያነሳዋል። እንዲህ ባለ ብስክሌት ላይ ሞተር ጨምሮ ፍጥነት መስጠት አደጋ መግዛት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለጥሩ ባለ ሁለት ሾክ የማይበቃ ከሆነ ምርጫው ያን ጊዜ ያበቃል፤ በዚያው ገንዘብ የሚገኘው ባለ አንድ ሾክ ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

ገንዘቡ ቢበቃስ? እዚህ ላይ ነው የእኔ የሙያ ሐሳብ የሚገባው። የኋላ ሾክ ያለው ቴላዮ የሚታጠፍባቸው መጋጠሚያዎች አሉት፤ በየመጋጠሚያው ኩሽኔታ አለ። አንዳንዱ ስምንት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የምታገኘው እንደ 6902 ያለ ቀጭን ኩሽኔታ ነው፤ ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር፣ ውጪው 28። መለዋወጫ ሱቅ ሄደህ ስትጠይቅ የሚሰጥህ የሞተር ሳይክሉ 6202 ነው። የዚያም ውስጡ 15 ነው፤ ውጪው ግን 35 ስለሆነ አይገባም። ስለዚህ አንድ ኩሽኔታ ሲበላ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል። ኩሽኔታን የሚበላው ደግሞ መንገዱ ብቻ አይደለም። ከመርሳ በታች ወደ ቆላው ሲወርዱ በበጋ ያለው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ የማይገባበት የለም። ብሎም ባለቤቱ ብስክሌቱን አክብሮ ላቫጆ ይወስደዋል፤ በግፊት የሚረጨው ውኃ ግራሶውን አጥቦ አሸዋውን በቦታው ያስገባል። ውድ ብስክሌትን ከአቧራ ይልቅ ላቫጆ ይጎዳዋል ብል አላጋነንኩም።

ሾኩ ራሱ እንክብካቤ ይፈልጋል። ብዙ ሠሪዎች የፊት ሾክ እግሮች በየ50 የንዳት ሰዓቱ ተፈትተው እንዲጸዱና ዘይታቸው እንዲቀየር ይመክራሉ። በቀን ሁለት ሰዓት ለሚነዳ ሰው ይህ 25 ቀን ነው። የፊቱን እዚሁ ፈትቼ እገጥመዋለሁ፤ የሚያስፈልገው ጥሩ ዘይት፣ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ነው። የኋላው ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ በከፍተኛ ግፊት ናይትሮጅን የተሞላ ነው፤ ያንን ከፍቶ መልሶ ለመሙላት የሚያስችል መሣሪያ የለኝም። የአየር ሾክ ሌላ ጣጣ አለው። የአየር ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ የሚነፋው በራሱ ትንሽ የእጅ ፖምፓ ነው። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ከተሰካበት ግፊቱ በቅጽበት ልኩን ያልፋል፣ ጎሚኒውን ይገፋዋል። ስለዚህ ሾኩን የሚልክ ዘመድ ፖምፓውን አብሮ ካልላከ ግማሹን ብቻ ነው የላከው።

በሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች የሚሠራ አንድ ወጣት የግብርና ባለሙያ ባለፈው መጥቶ፣

«ጋሼ፣ ወንድሜ ከውጭ ልላክልህ ብሎኛል። አንቱ የትኛውን ይላሉ?» አለኝ።

«ምን ትጭንበታለህ?»

«ጭነቱማ እኔው ነኝ» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን የዘር ናሙናውን፣ መርጫውን፣ ከገበያ የሚገዛውን ሽንኩርት ቆጠረልኝ። «ደግሞ አንዳንዴ ልጄን» አለ።

ከዚህ በኋላ ብዙ መነጋገር አላስፈለገንም። የኋላ ሾክ የሌለው ቴላዮ ከኮርቻው እስከ ጎማው አንድ ወጥ ብረት ወይም አልሙኒየም ነው፤ ዕቃ መጫኛ በአራት ቡሎን ይታሰርበታል። በባለ ሁለት ሾኩ ላይ የሚታሰርበት ቦታ ብዙ ጊዜ የለም፤ ቢታሰርም ሾኩ የተስተካከለው ለነጂው ክብደት ነው። ነጂው ሲቀመጥ ሾኩ ከእርምጃው ሩብ ወይም ሲሶ ያህል መውረድ አለበት፤ ከዚያ ላይ ጆንያ ሲጨመር ይዘቅጥና የሚቀረው እርምጃ ያልቃል። ልጅ ሲቀመጥ አየር መጨመር፣ ልጅ ሲወርድ መቀነስ ይመጣል። ክረምትም አለ፣ በልግም አለ። የሀብሩ ዋልካ ሲረጥብ በጎማና በቴላዮ መካከል ይጠቀጠቃል፤ መጋጠሚያ በበዛበት ቦታ ደግሞ በእንጨት ጭሮ ለማውጣት እንኳ አይመችም። «ባለ አንዱን በለው፤ ጎማው ወፍራም ይሁን፣ ዕቃ መጫኛ መታሰሪያ ያለው መሆኑን ይይልህ» አልኩት።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ያ 272 ዋት-ሰዓት ሲወጣ ከባትሪና ከእግር እንደመጣ ሁሉ ሲወረድ የትም አይጠፋም። ነፋስ ከሚወስደው በቀር ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በተራራ ብስክሌት ላይ የሚመረጠው በፔዳሉ ዘንግ አጠገብ የሚቀመጥ ሞተር ቁልቁለት ላይ አያግዝም፤ ዝም ብሎ የሚሸከሙት ብረት ይሆናል። የሰውን እግር የሚያግዘው እንኳ እስከ ተወሰነ ፍጥነት ነው፤ በአውሮፓ ሕግ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ቁልቁለት ላይ ግን ክብደቱ ብቻውን ከዚያ በላይ ይወስድሃል። የቸርኬ ፍሬን ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከድልብ በኩል ሲወርድ ቸርኬው ይግላል፤ ሲግል ከመነዳሪው ላይ የተለጠፈው ማስቲሽ ይለቃል። ዲስክ ያስፈልጋል፣ ዲስኩም በሽቦ የሚሳብ ሳይሆን በዘይት የሚገፋ፣ የፊቱም ሰፋ ያለ፣ 203 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል።

ዘይቱንም እዩት። ሺማኖ ፍሬኖቹን የሚሞላው በማዕድን ዘይት ነው፤ ስራም የተባለው ሌላው ሠሪ ለብዙ ዓመታት የሠራቸው ደግሞ በዶት የፍሬን ዘይት ነው። ዶት 4 ማንኛውም የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አለ፤ የማዕድን ዘይቱን ለማግኘት ግን ማሰብ ይጠይቃል። ሁለቱን መቀላቀል ወይም አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን ያበላሻቸዋል። የፍሬን ምርጫ በፎቶ አይታይም፤ እንደ ኋላ ሾክ አያምርም። ለዚህ ነው ማንም የማይጠይቀኝ። አወራረዱም ቢሆን ልማድ ይጠይቃል፦ ፍሬኑን ሳይለቁ እየጎተቱ መውረድ ዲስኩን ያነድደዋል። ከመጠምዘዣው በፊት ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ንፋስ እንዲያገኘው ማድረግ ይሻላል።

ታዲያ ባለ ሁለት ሾክ ለማን ነው? ዕቃ ለማይጭን፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ድንጋያማውን ቁልቁለት ለደስታው ለሚወርድ፣ ሲበላሽ ለመጠበቅ አቅምና ጊዜ ላለው። ለእንዲህ ያለው ሰው የኋላው ሾክ ቅንጦት አይደለም፤ ጎማው መሬት ሲለቅ ፍሬንም አይሠራም፣ መሪም አይታዘዝም። የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2019 ካናዳ ሞንት-ሴንት-አን ላይ ሲካሄድ በወንዶች ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው አላን ሃዘርሊ ነበር። አህጉራችን በዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። የእኛን ቁልቁለቶች ያየ ሰው እዚህም አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ልጅ ቢወጣ አይገርመውም፤ ያን ጊዜ እኔም የናይትሮጅኑን መሣሪያ ለመግዛት ምክንያት አገኛለሁ።

የግብርና ባለሙያው ለወንድሙ የሚልከውን ዝርዝር እኔው ጋ ቁጭ ብሎ ጻፈ። ባለ አንድ ሾክ፣ ጎማው 2.6፣ ፍሬኑ የዘይት ዲስክ፣ ትርፍ የፍሬን ሸራ ሁለት ጥንድ፣ የሾክ ፖምፓ፣ ባትሪው መብራት በመጣበት ሰዓት ቤት ውስጥ ቻርጅ እንዲደረግ የሚነቀል። የወንድሙ መልስ በማግስቱ መጣ፦ «ባለ ሁለቱ ሾክ ቅናሽ ላይ ነው፤ እሱን ብልክስ?»

«ምን ልበለው?» አለኝ።

«ፍሬኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀው» አልኩት።