ስለ ሴቶች መሪነት የሚነገሩ ክርክሮች በሰንበቴ ገበያ ሲመዘኑ

ሴቶች በንግድና በፖለቲካ መሪ ይሁኑ የሚለው ቃል በየስብሰባውና በየጽሑፉ ይነገራል። ይህን ሐሳብ በአደባባይ የሚቃወም ሰው ዛሬ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሁሉ የሚስማማበት ሐሳብ ከሥራ ላይ ሳይውል ዘመናት ሲያልፉ፥ ጉድለቱ ምናልባት ከደጋፊዎቹ አነጋገር ውስጥ ይሆናልና መመርመር ይገባል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው የሴቶችን መሪነት ሳይሆን፥ ስለ እርሱ ዘወትር የሚቀርቡትን ሦስት ክርክሮች ነው። ለመመዘኛ የመረጥነውም ስፍራ ሰንበቴ ነው።

ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ሸዋ ሮቢት ታልፎ አጣዬ ሳይደረስ የምትገኝ፥ በከሚሴ በሚመራው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትቈጠር ከተማ ናት። ስሟ ራሱ የገበያዋን ቀን ይናገራል። በየእሑዱ ከቈላው አፋሩ፥ ከሜዳው ኦሮሞው፥ ከተራራው አማራውና አርጎባው ይገናኙባታል። ግመሉና ከብቱ በሚሸጥበት በኩል የሚታየው ሕዝብ በአብዛኛው ወንድ ነው። ቅቤው፥ እህሉ፥ ቅመሙና ሰሌኑ በተዘረጋበት በኩል ግን የሴቶቹ ቍጥር ይበልጣል። እንግዲህ ሴት ወደ ንግድ ትግባ ብሎ ለሰንበቴ መስበክ፥ ለዓሣ ዋና እንደ ማስተማር ይሆናል። ጥያቄው ሌላ ነው። ይህች ነጋዴ በሸቀጧ ላይ ሥልጣን አላት፤ በገበያው ላይስ አላትን? የመደቡን ስፍራ የሚደለድለው፥ የቀረጡን ልክ የሚወስነው፥ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው ማን ነው? መሪነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል።

1ኛው ክርክር፥ ሴት እናት ናትና ርኅሩኅ ናት፥ ጉቦ አትበላም፥ ሰላም ትወዳለች፤ ስለዚህ ትምራ የሚለው ነው። ይህ ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ወጥመድ አለበት። መሪነትን ለጠባይ የሚሰጥ ሽልማት ካደረግነው፥ አንዲት ሴት ሹም ባጠፋች ቀን ሴቶች ሁሉ አብረው ይፈረድባቸዋል። ወንድ ሹም ሲያጠፋ ግን ጥፋቱ የራሱ ብቻ ሆኖ ይቀራል እንጂ፥ ወንዶች ሁሉ ከወንበር ይውረዱ ያለ ሰው አልሰማንም። በሰንበቴም ቅቤ የምትሸጠው ሴት ገበያዋ የሚደራላት ስለ እናትነቷ አይደለም። ንጹሑን ቅቤ ከተቀላቀለው በሽታው ለይታ ታውቃለች፤ የዱቤውን ሒሳብ ያለ መዝገብ በቃሏ ትይዛለች፤ ሰኞ በባቲ የሚውለውን ዋጋ ከእሑዱ ዋጋ ጋር ታነጻጽራለች። ይህ ዕውቀት ነው። በዕውቀቷ ልትሾም የሚገባትን ሰው በርኅራኄዋ እንድትለምን ማድረግ ዝቅ ማድረግ ነው።

2ኛው ክርክር የንግሥታቱ ነው። ታሪካችን ሴቶች ገዝተዋልና ዛሬም ይግዙ ይላል። ምስክሮቹ እውነተኞች ናቸው፤ የወሎ ሰው ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ እንኳ አያስፈልገውም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በወሎ ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት እየተቀናቀኑ ሠራዊት አዝዘዋል። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው በመጡ ጊዜ የተቀበሏቸው ወይዘሮ ወርቂት ናቸው፤ በዚህም ምክንያት በመቅደላ ተይዞ የነበረው ልጃቸው ተገደለባቸው። እንዲህ ያለውን ከባድ ውሳኔ የወሰነ ሰው ፖለቲካ አያውቅም ሊባል አይቻልም። እቴጌ ጣይቱን ማንም አይዘነጋም፤ ዘውዲቱም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው በዙፋን ተቀምጠዋል።

ነገር ግን ከምሳሌው በኋላ ምን ተከተለ? ዘውዲቱ ካረፉ 26 ዓመት ሳይሞላ የወጣው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዙፋኑ የሚወረሰው በወንድ መሥመር ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ይኸው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥንና የመመረጥን መብት የሰጠ ነው። ስለዚህ የንግሥቲቱ ምሳሌ ለተከታይ ንግሥት በር አላስከፈተም፤ ለተራዋ ሴት በር የከፈተው የተጻፈው መብት ነው። በዚህም መብት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፥ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዚናራ ደሴት የታሰሩትና በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፥ በ1950 ዓ.ም. ተወዳድረው የመጀመሪያዪቱ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። ንግሥት በትውልድ ትገኛለች፤ እንደራሴ ግን በድምፅ ትመረጣለች። ለሰንበቴዋ ነጋዴ የሚቀርባት ሁለተኛው መንገድ ነው።

3ኛው ክርክር የቍጥር ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሚኒስትሮቹ እኩሌታው ሴቶች ሆኑ፤ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ርእሰ ብሔር፥ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። ይህን የሚያቃልል ሰው ይሳሳታል። ሕፃናት ልጃገረዶች ወንበሩ ላይ ሴት ሲያዩ፥ ሊቀመጡበት እንደሚቻል ይማራሉ። ቢሆንም ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። የመጀመሪያው፥ በአንድ ሰው ፈቃድ የመጣ ቍጥር በአንድ ሰው ፈቃድ ሊሄድ ይችላል፤ የሚኒስትሮቹን እኩሌታ ሴት እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ የለምና። ሁለተኛው፥ ወንበርና ሥልጣን አንድ አይደሉም። በሕገ መንግሥታችን ርእሰ ብሔሩ የክብር ስፍራ ሲይዝ የማስፈጸሙ ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው። ስንት ሴቶች ተቀመጡ ብሎ የሚቈጥር ሰው፥ የተቀመጡት ምን ለመፈረም ይችላሉ ብሎም ይጠይቅ።

ሦስቱን ክርክሮች ስናፈርስ በምትካቸው ምን እንደምናቆም መናገር ይገባናል። ለእኛ እንደሚመስለን ነገሩን የለወጡት ሦስት ዓይነት ሥራዎች ናቸው፤ ይኸውም ሕግ፥ ወረቀትና ገንዘብ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተሰብ አለቃ አድርጎ፥ ሚስት ሕጋዊ በሆነው ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። እቤቷ ታዛዥ እንድትሆን ሕግ የፈረደባትን ሴት በገበያ አዛዥ ሁኚ ማለት ዋዛ ነው። ይህ አንቀጽ የተሻረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ከደነገገ በኋላ፥ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አወጡ። ለውጡ ከሰማይ አልወረደም። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ተከራክረውበታል።

ወረቀት ያልነው የመሬት ደብተሩን ነው። በአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስም ይይዛል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሟ የተጻፈ ሴት በፍቺና በሞት ጊዜ ባዶ እጇን አትወጣም፤ በቀበሌ ስብሰባም የመሬት ነገር ሲነሣ ባለጉዳይ ሆና ትናገራለች።

ስለ ገንዘቡ እናት ባንክን መጥቀስ ይበቃል። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ያሉባቸው 11 ሴቶች መሥርተውት በ2005 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ለብድር መያዣ የሚሆን ቤት በሴቶች ስም እምብዛም እንደማይገኝ መሥራቾቹ ያውቁ ነበር። በሰንበቴም የብዙዎቹ ነጋዴዎች ባንክ ዕቁብ ነው። ዕቁብ ሰብስባ፥ ዕጣ አውጥታ፥ ያልከፈለውን አስጠርታ ለዓመታት ያስተዳደረች ሴት የገንዘብ አስተዳዳሪ ናት፤ የሚጐድላት ይህን ችሎታ ቈጥሮ የሚያበድር ተቋም ነው።

አንድ ነገር ግን በሕግም በወረቀትም በገንዘብም አልተነካም፤ ይህም ዕርቅ ነው። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ቤት ተቃጠለ፥ መንገድም ተዘጋ። መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይዘጋል፤ ገበያ ሲዘጋ ሳምንቱን በሳምንት ትርፍ የምታሳድር እናት ምድጃ ይቀዘቅዛል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በልማዳችንም የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። እሑድ እሑድ በሰንበቴ ከአፋሯ ቅቤ ተቀብላ ለአማራዪቱ የምትሸጠው፥ የሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማው፥ ማን ከማን እንደተቀያየመ ቀድማ የምታውቀው ኦሮሞ ነጋዴ ግን አትጠራም። ፖለቲካ ማለት በአካባቢው ሰላም ላይ መወሰን ከሆነ፥ ከፓርላማው ወንበር ይልቅ የሚያስቸኵለው የሽምግልናው ምንጣፍ ነው። የዞኑ ምክር ቤትና የየወረዳው አስተዳደር የዕርቅ ጉባኤ በሚያቋቁሙበት ጊዜ የገበያ ሴቶች በመረጧቸው ወኪሎች እንዲገቡበት ቢደነግጉ፥ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ምናልባት ይህ ከባህልና ከሃይማኖት ጋር ይጋጫል የሚል ይኖራል። የአካባቢው ሙስሊም ሁሉ የነቢዩ ባለቤት ኸዲጃ ንግዳቸውን የሚመሩ ባለጸጋ እንደነበሩ ያውቃል፤ ስለ ወይዘሮ ወርቂትም ከላይ ተናግረናል። የንግሥታቱን ክርክር ነቅፈን ሳለ እዚህ መጥቀሳችን ለማይስማማ ሰው ተቃርኖ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የጥንት ምሳሌ፥ ከዚህ በፊት አልሆነም ለሚል ሰው በቂ መልስ ነው፤ ነገ እንዲሆን ለማድረግ ግን አይበቃም።

በመጨረሻ ነቀፋው ወደ ራሳችን ይመለስ። በተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሲመረጥ ወንድ፥ ጸሓፊ ሲፈለግ ሴት የምንጠቁም እኛ ነን። ከመካከላችን ብዙዎች የተማርነው እናቶቻችን በገበያ ቀን ባገኙት ትርፍ ነው። ያን ትርፍ ማን እንዳተረፈው ከመዘከር አልፈን፥ ያተረፈችው ሴት በገበያዋና በሀገሯ ላይ እንድትወስን የሚያስችለውን ደንብ በየምንገኝበት ጉባኤ ብንጽፍ፥ የተማርነው በከንቱ አይሆንም።