ጭራቁን ማን ይሳልልን?

በቶሮንቶ ምዕራባዊ ክፍል፣ ፓርክዴል በሚባለው ሰፈር፣ በኲን ጎዳና ላይ የሚሄድ ሰው ጭራቅ አያጣም። ሰፈሩ ከቲቤት የመጡ ስደተኞች በብዛት የሚኖሩበት ነውና በየምግብ ቤቱና በየሱቁ ግድግዳ ላይ ታንካ የሚሉት፣ በጨርቅ ላይ የተሳለ ሃይማኖታዊ ሥዕል ተሰቅሎ ይታያል። በአንዳንዱ ላይ ቡድሃ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። በሌላው ላይ ግን ዓይኑን ያጉረጠረጠ፣ ክራንቻውን ያወጣ፣ የራስ ቅል አክሊል የደፋ፣ በእሳት የተከበበ ፍጡር ቆሟል። ማሃካላ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሐበሻ "በስመ አብ" ማለቱ አይቀርም። ለባለቤቶቹ ግን ይህ አስፈሪ ፍጡር ጠባቂያቸው ነው። ክፉውን ለማባረር ከክፉው የባሰ ማስፈራት ያስፈልጋል የሚል አስተሳሰብ ነው ያላቸው።

ከዚያው ሰፈር ወደ ሰሜን ጥቂት ሲሄዱ ደግሞ ዱፈሪን ግሮቭ የሚባል መናፈሻ አለ። ዴቪድ አንደርሰን በ1994 የመሠረተው ክሌይ ኤንድ ፔፐር የተባለው የቲያትር ቡድን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) "የፍርሃት ሌሊት" ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ሰልፍ በጥቅምት መጨረሻ ገደማ ለብዙ ዓመታት ሲያካሂድ ኖሯል። የሰፈሩ ሰው፣ ሕፃን አዋቂ ሳይል፣ የሚፈራውን ነገር ከወረቀትና ከሙጫ አበጅቶ፣ በረጅም እንጨት ላይ ሰቅሎ አደባባይ ያወጣዋል። ይጠራዋል፣ ይሳለቅበታል፣ ከዚያም ያባርረዋል። ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ቁም ነገር ያለበት ቀልድ ነው። መልክ ያልተሰጠውን ፍርሃት ማንም ሊያባርረው አይችልምና።

ታዲያ የእኛስ ጭራቅ የት ደረሰ?

ከከተማው በስተምሥራቅ ዳንፎርዝ ላይ ወዳሉት ምግብ ቤቶቻችን ብትገቡ ግድግዳው ላይ የምታገኙት ሌላ ነው። ጀበና፣ ጎጆ ቤት፣ ነጠላ የለበሰች ቆንጆ፣ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ። ከእነዚህ መሐል ብዙ ጊዜ የማይጠፋው በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለው፣ አብዛኛውን ጊዜ 44 ክፍል ያለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማንም ግን አያነበውም። ታሪኩ ከንግሥቲቱ አይጀምርም፤ ከአርዌ ይጀምራል። አርዌ በሕዝቡ ላይ ነግሦ ከብቱንና ልጃገረዶቹን የሚገብሩለት ዘንዶ ነበር። አጋቦስ የሚባለው ሰው በፍየል ውስጥ መርዝ አስገብቶ አበላው፤ ዘንዶው ሞተ፤ ገዳዩ ነገሠ። እንግዲህ የመንግሥታችን ታሪክ በትውፊታችን የሚጀምረው ሆዳም ዘንዶ በመመረዙ ነው። ከዚህ የበለጠ አስደናቂ የጭራቅ ታሪክ ያለው ሕዝብ ይኖር ይሆን?

ይሁን እንጂ ለቱሪስት በሚሠራው ሥዕል ላይ ዘንዶው ምን ሆኖ እንደቀረ ተመልከቱ። ከአሮጌዎቹ ሸራዎች ባየኋቸው ላይ ዘንዶው ሳጥኑን ሞልቶ፣ ተጠማዝዞ፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይታያል። በቅርብ ዓመታት ተቸኩለው በተሠሩት ላይ ግን ቋሊማ መስሏል። ሠዓሊው የንግሥቲቱን ዘውድ ለማስጌጥ ጊዜ ሲያገኝ ለዘንዶው ጊዜ አላገኘም። ገዢው የሚፈልገው ንግሥቲቱን ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ግን የማያስፈራ ዘንዶ የገደለ ሰው እንዴት ንጉሥ ሊሆን ይችላል?

የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ይህን ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው እያዩን ይሳላሉ፤ ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የእመቤታችን ሥዕልማ ከ1600ዎቹ ወዲህ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል የተቀዳውን መልክ ይዞ፣ የእጆቿ አቀማመጥ ሳይቀር ተወስኖ ኖሯል። ሠዓሊው ከራሱ የሚጨምርበት ቀዳዳ ጠባብ ነው። ሲኦል ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይፈታል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች በመጀመሪያ እይታ መንትያ ይመስሉታል። በእሳት መካከል ያለው ዲያብሎስ ግን አንድ ነው፤ ማንንም አይመስልም። እንደ እኔ አስተያየት የኢትዮጵያ ሠዓሊ የፈጠራ ነጻነት ያገኘው ቅዱሳኑን ሲስል ሳይሆን ሰይጣኑን ሲስል ነው። (ጥቁር ሕዝብ ሰይጣኑን ጥቁር አድርጎ መሳሉ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ወደ ክታቡ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይረቃል። ደብተራው ለታመመው ሰው የሚጽፈው የብራና ጥቅል ቁመቱ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ነው። በጽሑፉ መሐል ጠልሰሙ አለ። ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ በመካከሉ ፊት፣ በዙሪያው ዓይን በዓይን ላይ። ይህ ፊት የመልአክ ነው የጋኔን? ለብዙ ዓመታት ነገሩን ያጠናው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ በ1997 በኒውዮርክ በአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ባዘጋጀው ኤግዚቢሽን ያቀረበው ሐሳብ እነዚህ ሥዕሎች ጌጥ ሳይሆኑ መድኃኒት ናቸው የሚል ነው። ሥዕሉን የሚያየው ሰውየው ብቻ አይደለም፤ በሰውየው ዓይን በኩል ያደረበት መንፈስም ያያል፣ ደንግጦም ይሸሻል። እንግዲህ ከፓርክዴሉ ማሃካላ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ቲቤታዊው ግን የእሱን ምግብ ቤቱ ውስጥ በኩራት ሰቅሎታል። የእኛ ክታብ ወይ በሰብሳቢዎች እጅ ወይ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ስሙን ስንሰማ "ድግምት" ብለን እንሸሻለን።

በእነዚህ ክታቦች ላይ ከሚገኙት ጸሎቶች አንዱ የቅዱስ ሱስንዮስ ነው። ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን በፈረስ ተቀምጦ በጦር ሲወጋት ይሳላል። ውርዝልያን ልብ በሉልኝ። ስም አላት። ሥራዋ ይታወቃል። የምትሸነፍበትም መንገድ ይታወቃል። አርዌም እንዲሁ፤ ስሙ አርዌ፣ ሥራው መብላት፣ ድክመቱም መብላት። የተዋጣለት ጭራቅ ሦስቱን ሁሉ አሟልቶ ይገኛል፤ አራተኛው መልክ ነው፣ እሱን የሚሰጠው ሠዓሊው ነው።

አሁን ወደ እስክንድር ቦጎሲያን ልምጣ። በ1937 አዲስ አበባ የተወለደው እስክንድር ወደ ለንደን፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄዶ ሲማር፣ የፈረንጅ ሠዓሊዎች በሕልም ውስጥ የሚያስሱትን ዓለም እሱ ከቤቱ ይዞት እንደመጣ ያወቀ ይመስለኛል። በ1964 የሠራው፣ ዛሬ በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ "የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ" ይሆናል። ጨለማ ነው፤ በጨለማው ውስጥ ብርሃን እንደ ጥራጥሬ ተበትኗል፤ ክንፍ ያላቸው፣ ወፍ ናቸው እንዳይባሉ ወፍ ያልሆኑ ፍጥረታት ይበርራሉ። ርዕሱ ፍርሃትንና ደስታን አንድ ላይ ማሰሩ የዘፈቀደ አይደለም። ልጅ ሆኖ ማታ እሳት ዳር ተረት የሰማ ሁሉ ሁለቱ ሳይነጣጠሉ እንደሚመጡ ያውቃል፤ "ይበቃል፣ ፈራሁ" ትላለህ፣ ተራኪው ዝም ሲል ደግሞ "ከዚያስ?" ትላለህ። በዚያው ዓመት የሠራው፣ በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ያለው ሌላው ሥራ "የጁጁ ሠርግ" ይባላል። ጁጁ በምዕራብ አፍሪካ የአስማትና የመንፈስ ኃይል መጠሪያ ነው። እስክንድር መንፈሱን አላባረረውም፤ ዳረው!

እኛ ግን ስለ እስክንድር ስናወራ ምን እንላለን? የፓሪስና የኒውዮርክ ሙዚየሞች በ1960ዎቹ ሥራውን ገዙለት፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ2003 በዋሽንግተን አረፈ። ይህ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሥዕሉን ማየት አይደለም። ሙዚየም ገዛው ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ከፊቱ ቆሞ "ይህ ክንፋም ፍጡር ምንድነው? የማን ዘመድ ነው?" ብሎ መጠየቅ ግን ከኩራት በላይ ይከብዳል። የጠልሰሙን ዓይኖች በአእምሮው የያዘ ሰው ከፊቱ ቢቆም ዝምድናውን ለማየት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም።

ይህን ብዬ ደግሞ አንድ ቅሬታ አለኝ። የእስክንድር ፍጥረታት ስም የላቸውም። በሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ያምራሉ፣ ይረቃሉ፤ ማንን እንደሚበሉ ግን አይታወቅም። ሕፃን ልጅ ማታ ከአልጋው ሥር አይፈልጋቸውም። በእስክንድር ዘንድ መልክ ያለ ስም አለ። ቤታችን ውስጥ ያለው ጭራቅ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ስም ያለ መልክ።

ይህን ያየሁት እዚሁ ፓርክዴል ነው። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች በሚሥሉበት ቦታ ስምንት ዓመት የሚሆነው የሐበሻ ልጅ ጭራቅ እንዲስል ተነገረው። ወደ እናቱ ዞሮ "ጭራቅ ምን ይመስላል?" አላት። እናቱ "ሰው የሚበላ ነው" አለችው። "እሺ፣ ምን ይመስላል?" አጠገባቸው የነበሩ አንድ አባት "ፀጉራም ነው" አሉ። ሌላዋ "ኧረ ጅራት አለው!" አለች። "ቀንድስ?" ሲባል ተያዩ። ልጁ ትንሽ ጠበቃቸውና ከፊልም የሚያውቀውን አረንጓዴ ፍጡር ሣለ። ምን ያድርግ? ያ አረንጓዴ ፍጡር ስንት ጥርስ እንዳለው ሳይቀር የወሰነለት ሠዓሊ አለው። የእኛ ጭራቅ "ተኛ፣ አለበለዚያ ይበላሃል" ለማለት ብቻ ሲጠራ ኖሮ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀረ። ማስፈራሪያ ደግሞ ልጁ አማርኛውን ሲረሳ አብሮ ይረሳል።

ለልጆች የተሠራ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአራት አሥርታት ያህል አያ ጅቦን በድምፃቸውና በፊታቸው ሕይወት ዘርተውበታል፤ በ2017 ሲያርፉ ያለቀስነው ለዚህ ነው። በ2006 የጀመረችው፣ ከካልሲ የተሠራችው ቀጭኔዋ ፀሐይም የብዙ ልጆች ወዳጅ ናት። ነገር ግን ፀሐይ ጨዋ ናት። እጇን ትታጠባለች፣ ፊደል ትማራለች፣ ሰው አትበላም። ልጆች ደግሞ ጨዋ ጓደኛ ብቻ ሳይሆን ጨዋ ያልሆነ ጠላትም ያስፈልጋቸዋል፤ በወረቀት ላይ አስረው የሚስቁበት ጠላት።

አንዳንድ ወላጆች "ልጄ ሰይጣን እንዲስል አልፈልግም" ይላሉ። ስጋቱ ይገባኛል፤ በሰው አገር ልጅ ማሳደግ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የደረሰበት ያውቀዋል። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ በላዔ ሰብእ ሳይሳል የኪዳነ ምሕረት ተአምር እንዴት ይነገራል? 78 ነፍስ የበላ ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት ማግኘቱ የሚያስደንቀው በመጀመሪያ አስፈሪነቱን ስላየነው ነው። አባቶቻችን ጭራቁን ከቤተ ክርስቲያን አላስወጡትም። ግድግዳው ላይ ቦታ ሰጥተው፣ ከነጥርሱ አስቀምጠውት፣ ልጆቻቸውን ይዘው በፊቱ አለፉ።

በቶሮንቶ ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው ሌላ ሥራ እየሠሩ የሚኖሩ ሠዓሊዎች አሉ። የሚታዘዙት ሁልጊዜ ጀበና ነው፤ ወይም የሟች አባት ፎቶግራፍ። አንድ የዕድር ወይም የሰንበት ትምህርት ኮሚቴ ከእነሱ አንዱን ጠርቶ "ጭራቁን ሣልልን፣ ልጆቹ ከወረቀት ይሠሩታል፣ በጥቅምት እናሰልፈዋለን" ቢለው ወጪው ከአንድ የእራት ግብዣ አይበልጥም።

ሠዓሊው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ያ ልጅ የጠየቀውን ስለሆነ፣ ውድ አንባቢያን፣ የጎጃሙን፣ የወሎውን፣ የመንዙን ጭራቅ የምታውቁ ጻፉልን። እኔ የማውቀው የአያቴን ነው። የእሳቸው ጭራቅ ጅራት ነበረው፤ ሲሄድ ግን እንዳይታይበት በወገቡ ላይ እንደ መቀነት ይጠመጥመዋል። ቀን ቀን ሰው መስሎ ገበያ ይውላል፣ ዋጋ ይከራከራል። ውኃ ስለሚፈራ ወንዝ አይሻገርም፤ ስለዚህ የተባረረ ልጅ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወንዝ ነው።